ሚሞሪው ይመለስ ብለን እጅ ያወጣን ቀን

ሞኝነቴን ለመደበቅ የሚበቃ ጭንቅላት ስለሌለኝ አወራዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እመኑኝ፤ ኮምፒዩተር ተምሬያለሁ። ዲግሪዬ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር በተከራየሁት ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አከራዬ ከጎኑ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለዋል፤ ጠዋት ጠዋት የሚያዩት የቀን መቁጠሪያውን ነው።

ዘመኑ ግምገማ እንደ ምሳ ሰዓቱን ጠብቆ የሚመጣበት ዘመን ነበር። በመሥሪያ ቤታችን ሥራ ከምንሠራበት ሰዓት ይልቅ የሠራነውን የምንገመግምበት ሰዓት ይበልጥ ነበር። መድረኩ ወግ አለው። አንዱ ይነሳል፣ ሂስ ይወርድበታል፣ ከዚያ ግለ ሂስ ያደርጋል። የለመደ ሰው ግለ ሂስ ሲያደርግ አይጎዳም። «ሥራ ስለምወድ ጤናዬን አልጠብቅም» ይላል፤ ጓዶቹም ይህን አስከፊ ጠባይ እንዲያርም አጥብቀው ይመክሩታል። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ «ቅንነት አበዛለሁ» እያልኩ ራሴን አጋልጫለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳርመው ተነግሮኝ ሳላርመው ቀርቻለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ዋናው ቢሯችን ደሴ፣ ቅርንጫፉ ኮምቦልቻ ነው። በመካከላቸው የሐረጎ ቁልቁለት አለ። ደብዳቤዎቻችን ይህን ቁልቁለት የሚወርዱት በሚኒባስ ሹፌር ጃኬት ኪስ ነበር። ሹፌሩ ኮምቦልቻ ሲደርስ ይሞቀዋል፣ ጃኬቱን ያወልቃል፣ አንድ ቦታ ይረሳዋል፤ አስቸኳይ የሚል ማህተም ያረፈበት ደብዳቤያችን በሳምንቱ ከጃኬቱ ጋር ይገኛል። ይህን ችግር ለመፍታት ነው ገመድ አልባ ኔትወርክ ይዘርጋ የተባለው።

አንድ በጎ አድራጊ ያገለገሉ የዋየርለስ ካርዶችና አንቴናዎች ለገሰን። ካርዱ ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉት፣ በሲዲ አብሮ መጥቶ ነበር። ሲዲው ግን ንብረት ክፍል ገቢ ሆነ፣ ወጪ የሚሆንበት ቅጽ ጠፋ። ሲዲ አላቂ ዕቃ ነው ወይስ ቋሚ ዕቃ የሚለውን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሲያጣራ ካርዶቹ አቧራ ለበሱ።

የገላገለን ሰዒድ ነው። ሰዒድ በኮንትራት የተቀጠረ፣ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ ነው። ለሌላ ካርድ የተጻፈ ድራይቨር ከኢንተርኔት አውርዶ፣ ቆርጦ፣ ቀጥሎ ለኛው ካርድ እንዲሆን አደረገው። ሁለት ወር ፈጀበት። ሲጨርስ እኔ ደሴ ሆኜ «ሰላም ነው?» ብዬ ጻፍኩ፤ መልእክቷ ሐረጎ አናት ላይ በተተከለው አንቴና አድርጋ ወረደች። እሱም ከኮምቦልቻ «አልሐምዱሊላህ፣ ደረሰ» ብሎ መለሰ። እዚያው ላይ ብንተወው ኖሮ ዛሬ የማወራው አይኖረኝም ነበር።

ሰዒድ የቸኮለበት ምክንያት ነበረው። ከድጃ የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው። አባቷ ሐጂ ዑመር አያታቸው ከየመን የመጡ፣ በብርድ ልብስና በምንጣፍ ንግድ ደሴ የሚያውቃቸው ሰው ናቸው። «ልጁን አልጠላሁትም። ኮንትራት ግን መንገደኛ ነው፤ ቋሚ ሲሆን ሽማግሌ ይላክ» ብለዋል። ቋሚ ለመሆን ደግሞ በዚያ ሩብ ዓመት ግምገማ ቢያንስ «መካከለኛ» ማግኘት አለበት። «ዝቅተኛ» ካገኘ ኮንትራቱም አይታደስለትም። ከሚላኩት ሽማግሌዎች አንዱ እንድሆን የለመነው እኔን ነበር። ክርስቲያን ብሆንም፣ «ሥራዬን የሚያውቀው አንተ ነህ፣ አንተ ታስረዳልኛለህ» አለኝ። ኩራቴን ልደብቃችሁ አልችልም፤ በማግስቱ ለሽምግልናው የሚሆን ኮት መፈለግ ጀመርኩ።

ታዲያ ኃላፊያችን አቶ ጌታነህ አንድ ቀን ጠሩኝ። «ማንኛውም ሥራ በባለሙያ ሳይገመገም አይጸድቅም። የሰዒድን ኮድ አንተ ገምግም» አሉ። እዚህ ላይ «ይህን ዓይነት ኮድ አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። አላውቅምና። ስለ ሚሞሪ የተማርኩት በአንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ያን ቀንም መብራት ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን አቶ ጌታነህ «በባለሙያ» ሲሉ ወደኔ እያዩ ስለነበር አፌ «እሺ» አለ።

የመሥሪያ ቤታችን ደንብ የሚገመገም ሰነድ በወረቀት ይሁን፣ እያንዳንዱ ገጽ ማህተም ይኑረው ይላል። ስለዚህ ድራይቨሩ ታተመ፤ ከሁለት መቶ ገጽ በላይ ሆነ። ማህተሙን ከነመርገጫው ይዤ ሦስት ቀን ስመታ ዋልኩ። ገጹ ላይ «ታይቷል» ብዬ እጽፋለሁ፣ ማህተሙን አሳርፋለሁ፣ እፈርማለሁ። እጄ እስከ ክንዴ ሐምራዊ ሆነ። ጋሽ አበጋዝ፣ የበራችን ዘበኛ፣ እጄን አይተው «ምን ቀጠቀጠህ ልጄ?» አሉኝ። «ሥራ ነው ጋሼ» ብዬ አለፍኩ።

ካተምኩ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። በአየር የሚመጣ መልእክት ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅል ነው የሚመጣው። ድራይቨሩ ለእያንዳንዱ ጥቅል የሚሆን ቦታ ከኮምፒዩተሩ ሚሞሪ ይጠይቃል፣ ጥቅሉን እዚያ ያስቀምጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ቦታው ይመለሳል። ካልተመለሰ ሚሞሪው ሞልቶ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ከዚያ መብራት ከጠፋበት ክፍለ ጊዜ ይዤ የወጣሁት ይህቺን ብቻ ነው፤ ድራይቨር የወሰደውን ይመልሳል።

በዚህች እውቀት ገምጋሚ ሆንኩ። እርሳስ አነሳሁና ቦታ የተጠየቀበትን መስመር ሁሉ በመስቀል፣ የተመለሰበትን ሁሉ በክብ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ቆጠርኩ። መስቀሉ አሥራ አንድ፣ ክቡ አሥር ሆነ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ገጽ መቶ ሰባ ሦስት ላይ ድራይቨሩ ሚሞሪ ይወስዳል፣ ጥቅሉን ለኮምፒዩተሩ ዋና ሲስተም ያቀብላል፣ ሳይመልስ ይሄዳል! በደስታ ከወንበሬ ተነሳሁ። ኮምቦልቻ ደውዬ ሰዒድን ብጠይቀው የሁለት ደቂቃ ነገር ነበር። ግን ገምጋሚ ተገምጋሚውን ከጠየቀ ገምጋሚነቱ የቱ ላይ ነው ብዬ ሪፖርቴን ጻፍኩ። በዚያውም ትንሽ የሚያስመሰግነኝ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጠቅላላ ሠራተኛው አዳራሽ ተሰበሰበ። ሰዒድም ከኮምቦልቻ ተጠርቶ ጃኬት ሳይዝ መጣ፤ የደሴ ጉም ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠ። አቶ ጌታነህ ሪፖርቴን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሚሞሪው የማን ነው?»

«የኮምፒዩተሩ» አልኩ።

«ኮምፒዩተሩስ?»

«የመሥሪያ ቤቱ።»

«ስለዚህ የሕዝብና የመንግሥት ሚሞሪ ነው» አሉ፤ አዳራሹ ውስጥ ጉምጉምታ ተሰማ።

ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። ይህ የክህሎት ክፍተት ነው ወይስ የአመለካከት ችግር? አንዱ ተነስቶ መልሶ አለመስጠት የኪራይ ሰብሳቢነት ምልክት ነው አለ። የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ ዘነቡ፣ «ሰዒድ ጥሩ ልጅ ነው፤ ድራይቨሩ ግን ከየት እንደወረደ አናውቅም፣ ከኢንተርኔት ነው የመጣው» አሉ። ጋሽ አበጋዝም እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ሚሞሪ የሚባለውን አይቼው አላውቅም» አሉ። «ግና ከዚህ ጊቢ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ የመውጫ ወረቀት አለው። ይህ በኔ በር አልወጣም። በየት በኩል እንደወጣ ይጣራልኝ።»

ሰዒድ እንዲመልስ ዕድል ተሰጠው። ተነሳና ጉሮሮውን ጠረገ። «ወላሂ ይመለሳል። እኔ ግን አይደለሁም የምመልሰው። ጥቅሉን ከነቦታው ለዋናው ሲስተም አስረክቤዋለሁ። ተጠቅሞ ሲጨርስ እሱ ነው የሚመልሰው፣ ከኔ በላይ ያለው።»

አቶ ጌታነህ ጠረጴዛውን መቱ። «ይኸው! በበላይ አካል ማሳበብ! ጓዶች፣ መዝግቡልኝ።» ወይዘሮ ዘነቡ ቃለ ጉባኤው ላይ መዘገቡ።

የውሳኔ ሐሳብ ቀረበ፤ ድራይቨሩ የወሰደውን ሚሞሪ እዚያው ገጽ መቶ ሰባ ሦስት ላይ ራሱ እንዲመልስ፣ ለዚህም አንድ መስመር እንዲጨመር። የምትደግፉ እጅ አውጡ ተባለ። መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰዒድን ሳይጨምር ሃያ ሰባት ሰው ነበርን፣ ሃያ ሰባት እጅ ወጣ። ሰዒድም ጥቂት ቆይቶ የራሱን አወጣ፤ በመድረኩ ላይ ያልወጣ እጅ ሌላ አጀንዳ ይሆናልና።

በሳምንቱ ከክልል እንግዶች መጡ፤ የኔትወርኩ ምርቃት ኮምቦልቻ ነበር። ከሐረጎ ስንወርድ ሁላችንም ኮታችንን አውልቀን ታቀፍን። ሰዒድ የተጨመረችውን መስመር አስገብቷል። ከደሴ የሚላክ የእንኳን ደህና መጣችሁ ደብዳቤ በአየር መጥቶ ስክሪን ላይ ሊታይ ነው። «የተከበራችሁ እንግዶቻችን» የሚለው መጣ፣ ተጨበጨበ። ቀጥሎ «በዞናችን» የሚል መጣ። ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ሆነና ማንም የማያነበው ፊደልና ቁጥር ከላይ እስከ ታች ሞላው። አንዱ እንግዳ ቀስ ብለው ማስታወሻቸው ላይ መገልበጥ ጀመሩ። አቶ ጌታነህ ላብ በላብ ሆነው «ይህ እንግዲህ የቴክኖሎጂው ዝርዝር ነው» አሉ። ማሽኑ አራት ጊዜ ተነሳ፣ አራት ጊዜ ወደቀ። በመጨረሻ ደብዳቤው በሚኒባስ መጣ፤ ሹፌሩም የእንግዶቹን ጭብጨባ ተቀበለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ሰዒድ «ዝቅተኛ» ተሞላለት። ኮንትራቱ ወሩ ሲያልቅ እንደሚያበቃ ተነገረው። አንገቱን ደፍቶ ፈረመ፤ እኔ ለምስክርነት ከጎኑ ፈረምኩ።

በማግስቱ ግራ ገብቶኝ ኮዱን በስክሪን ላይ ከፈትኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ በስክሪን አይቼው አላውቅም፤ ወረቀቱ እያለ ምን አደከመኝ። ከዚያች መስመር በላይ ሰዒድ በገዛ እጁ የጻፈው ማሳሰቢያ አለ፤ «ጥቅሉ ከዚህ በኋላ የኛ አይደለም። እዚህ እንዳትመልሱት፣ ሲስተሙ ገና እየተጠቀመበት ነው፤ ማሽኑ ይወድቃል» ይላል። ወረቀቱን ፈልጌ ገጽ መቶ ሰባ ሦስትን አወጣሁ። ማሳሰቢያው ያለበት ቦታ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ክብ ማህተም ተንሰራፍቷል። ከማህተሙ ጠርዝ የወጣችው «እንዳት» የምትል ብቻ ናት። ጎኗ ላይ በራሴ ጽሕፈት «ታይቷል» ይላል።

አፈርኩ። ይህን ዓይነት እፍረት በግለ ሂስ መድረክ ላይ አይቼው ስለማላውቅ መጀመሪያ የታመምኩ ነበር የመሰለኝ።

ቋሚ መሆኑ አይቀርም ተብሎ የሽምግልናው ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ስለነበር መቅረት ነውር ሆነ። ከሰዒድ አጎትና ከአንድ የሰፈር ሽማግሌ ጋር ሐጂ ዑመር ቤት ሄድን። ሰላምታው አልቆ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥን ሐጂ ዑመር መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ።

«ሰማሁ» አሉ። «ልጁ የመንግሥት ዕቃ ወስዶ አልመለሰም ይሉኛል። እንዲህ ነው እንዴ?»

አጎቱ ወደኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ ምንጣፉ። ምንጣፉ ምንም ስላላለኝ፣ «ሐጂ፣ ላስረዳዎት» አልኩና ስለ ጥቅሉ፣ ስለ ቦታው፣ ስለ ርክክቡ ነገርኳቸው። ሳላስጌጥ ነበር የነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ጢማቸውን ዳበሱ።

«ቆይ፣ ቆይ። እኔ ብርድ ልብስ ጭኜ ለኮምቦልቻ ደንበኛዬ እልካለሁ። ሹፌሩ ደንበኛዬ እጅ አስረክቦ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ዕቃው የሹፌሩ ነው?»

«አይደለም፣ ሐጂ።»

«ሹፌሩ ተመልሶ፣ ሰውየው ገና ለብሶት ሳለ ብርድ ልብሱን ቢገፈው ምን ትለዋለህ?»

«ሌባ ነዋ።»

«አጂብ! ታዲያ እናንተ እጅ አውጥታችሁ አድርግ ያላችሁት ይህን አይደል? ልጁ አማናውን አድርሶ ነበር። ሌባ ሁን ብላችሁ ያዘዛችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሃያ ሰባት ሰው፣ ከነዲግሪያችን፣ ግማሽ ቀን ያልገባንን ሐጂ ዑመር መቁጠሪያቸውን ሳያነሱ ጨረሱት። «ማነው ይህን የፈረደው?» አሉ።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ኮሚቴ ነው ማለትም ይቻል ነበር። «እኔ ነኝ ሐጂ» አልኩ። የሰዒድ አጎት ከጎኔ ትንሽ ሸሸት ሲል ተሰማኝ።

ሐጂ ዑመር አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «የቋሚነቱን ደብዳቤ ተዉት፣ ልጄን እሰጠዋለሁ» አሉ። «አንተ ግን ልጄ፣ ስሙን ካጠፋህበት ጀመዓ ፊት ቁመህ ስሙን መልስለት። ኒካሑ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው። እንጀራውንም አንተው ነህ የዘጋህበት፣ አንተው ክፈትለት።»

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣሁ። «ግለ ሂስ አለኝ» አልኩ። አቶ ጌታነህ ፈገግ አሉ፤ ቅንነቴን የምናገር መስሏቸው ነበር። «የሰዒድ ኮድ ትክክል ነበር። ማሽኑን የጣለው እኔ አስጨምሬ እናንተ ያጸደቃችሁት መስመር ነው። ማሳሰቢያውን በማህተም ሸፍኜዋለሁ። ስለ ሚሞሪ አላውቅም፤ ሳላውቅ ፈረድኩ።»

እውነተኛ ጥፋት በዚያ መድረክ ተሰምቶ ስለማያውቅ ምን እንደሚደረግበት የሚያውቅ አልነበረም። ወይዘሮ ዘነቡ እስክሪብቷቸውን አንስተው «ይኼ የሚመዘገብ ነው?» አሉ። አንዱ አጀንዳው ባለፈው ሩብ ዓመት ተዘግቷል አለ። ሌላው አስታራቂ ሐሳብ አመጣ፤ ሁለቱም ወገን እንዳይጎዳ ሚሞሪው ጠዋት ጠዋት ይመለስ፣ ከሰዓት አይመለስ። ለዚህ ሐሳብ ደጋፊ ሳይቀር ተገኝቶለት ነበር። በስንት ልመና ሚሞሪው እንዳይመለስ፣ መስመሯም እንድትወጣ ለድምፅ ቀረበ። በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ እንዲመለስ ያወጡት እጆች ናቸው እንዳይመለስ የወጡት።

ሰዒድ ወደ «መካከለኛ» ከፍ አለ። የቋሚነት ደብዳቤውም ተጻፈለት። ማሽኑ ከዚያ ቀን ወዲህ ወድቆ አያውቅም፤ ሚኒባስ ሹፌሩ አኩርፎናል። እኔን ይቀጡኛል ብዬ ስጠብቅ አቶ ጌታነህ እጄን ጨበጡ። አርአያነት ያለው ግለ ሂስ በማድረጌ «ከፍተኛ» ተሞላልኝ። በየወረዳው ላሉ ባለሙያዎች የኮድ አገማገም ሥልጠና እንድሰጥም ተመደብኩ። «ጌታው፣ አላውቅም እኮ ነው ያልኩት» ብላቸው፣ «ይህ ትሕትና ነው፤ ለአሠልጣኝ ያስፈልጋል» አሉኝ።

ኒካሑ እሑድ ታሰረ። ግብዣው ላይ ሰዒድ ከሚዜዎቹ መሃል ወጥቶ እኔ የተቀመጥኩበት ሰሃን ጋ መጣና ከጎኔ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ለብቻችን ስንሆን የመጀመሪያችን ነበር። የከነከነኝን ጠየቅሁት።

«ማሽኑን እንደምትጥለው እያወቅህ ያቺን መስመር ለምን አስገባሃት?»

ሩዙን ጠቀለለ። «የሌሎቹን እጅ አልቆጠርኩትም። ሚሞሪ አያውቁም» አለኝ። «ያንተን ሳይ ግን፣ ወላሂ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ተጠራጠርኩ።»

ይቅር በለኝ ልለው እጄን ከሰሃኑ ላይ ሰበሰብኩ። ሰዒድ አየኝና ሰሃኑን ወደኔ በኩል ገፋ አደረገልኝ።

«አብሽር፣ ብላ» አለኝ። «ሙሽርነቴን ስጨርስ አንተ ዘንድ ሥልጠና ግባ ተብያለሁ።»